ኮስታራው ዳይሬክተር በማን ላይ ይኮሳተር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች፣ በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ሳይታሰብ አንድ ቦታ ገጠሙ፣ ሁሉም ስለ ት/ቤት ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከአንድ ርዕሰ መምህር ስለሆነና ጉዳዩ የብዙዎቻችንን ልጆች ስለሚነካ መልሱ ረዘም ብሏል፣ ታገሱን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የመንግስት 2ኛ ደረጃ ት/ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ የተመደብኩት ዘንድሮ ነው። ት/ቤቱ ስሙ የጠፋ ነው፣ አምና 12ኛ ክፍል ካስፈተናቸው ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእረፍት በኋላ ብዙው ተማሪ አጥር ዘሎ ይወጣል፣ ከአጥሩ ውጪ ጫት ቤት አለ ሺሻ ቤት አለ ቤቲንግ ቤት አለ፣ ክፍል የቀረው ደግሞ ስልኩ ላይ ነው። ድብድቡም አያድርስ ነው። እኔ በባህሪዬ ኮስታራ ነኝ፣ ገና ከመምጣቴ ተማሪዎቹ "ሻምበል" የሚል ስም አውጥተውልኛል። በቅርቡ አንድ ፊልም አየሁ፣ በትርና ሜጋፎን ይዞ የተበላሸ ት/ቤት ስላስተካከለ አሜሪካዊ ዳይሬክተር ነው፣ ልቤ ተነሳ። ሰውዬው 300 ተማሪ አባሮ ነው የጀመረው። እኔም መቶ የሚሆኑትን አስቸጋሪዎች ባባርር ሌላው ይስተካከላል ብዬ ለክፍለ ከተማው ሳቀርብ "ትንሽ ቆይ" ተባልኩ። ይሄ መንገድ ያዋጣል ወይ? (ሻምበል፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ ሻምበል፣ በመጀመሪያ እንዲህ ያለ ት/ቤት ላይ ተመድበህ እንቅልፍ ማጣትህ ራሱ ደስ ይላል፣ ዝውውር ጠይቆ የሚሄደው ብዙ ነውና። ፊልሙ ላይ ያየኸው ሰውዬ በእውነት የነበረ ሰው ነው፣ ታሪኩን ግን ፊልሙ ካቆመበት አልፈን እንየው፣ ምክንያቱም የጥያቄህ መልስ ያለው እዛ ነው።

ሰውየው ጆ ክላርክ ይባላል። በአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ክፍል ውስጥ ምልምል ወታደር ያሰለጥን የነበረ ሰው ነው (ያንተ ቅጽል ስም ለሱም ይሆን ነበር)። እ.ኤ.አ. በ1982 ኒው ጀርሲ ውስጥ ፓተርሰን የምትባል ከተማ ኢስትሳይድ የሚባል 2ኛ ደረጃ ት/ቤት ተሰጠው፣ 3,000 ገደማ ተማሪ ያለበት፣ አብዛኞቹ ጥቁርና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ድሃ ቤተሰብ ልጆች፣ ግቢው ውስጥ ዕፅ የሚሸጥበት ት/ቤት ነበር። እንዳልከው 300 ተማሪ በአንድ ቀን አባረረ፣ በትርና ሜጋፎን ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ይዞር ነበር፣ ዕፅ ሻጮች እንዳይገቡ ብሎ በሮቹን በሰንሰለት አሰረ፣ እሳት ቢነሳ ልጆቹ በየት ይወጣሉ ተብሎ በዛ ተከሰሰ። በ1987 መጨረሻ ላይ ደግሞ 60 የሚሆኑ ተማሪዎችን ያለ ትምህርት ቦርዱ ፈቃድ ሲያባርር ከቦርዱ ጋር ተፋጠጠ፣ ይሄኔ አገር ሁሉ አወቀው። በየካቲት 1988 ታይም መጽሔት በትሩን ይዞ ሽፋኑ ላይ አወጣው፣ የፕሬዚዳንት ሬገን ዋይት ሀውስ የአማካሪነት ስራ አቅርቦለት አልፈልግም አለ፣ በአመቱ ፊልሙ ወጣ።

እና ት/ቤቱ ተለወጠ ወይ? ግቢው ተለውጧል፣ ይሄንን መካድ አይቻልም። ግድግዳው ጸዳ፣ ኮሪደሩ ሰላም ሆነ፣ ልጆቹም መምህራኑም ሳይፈሩ መግባት ጀመሩ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጅ እየፈራ አይማርም። ትምህርቱ ላይ ስንመጣ ግን በጊዜው ታይም ራሱ ያወጣው ቁጥር ልብ አይሞላም፣ የሂሳብ ውጤት ትንሽ ከፍ አለ፣ ንባብ ግን ከአገሪቱ የታችኛው ሲሶ ውስጥ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም፣ ት/ቤት አቋርጦ የሚወጣው ልጅ ደግሞ ከ13 በመቶ ወደ 21 በመቶ ጨመረ። ክላርክ በ1989 ለቀቀ፣ በ1991 የፓተርሰን ት/ቤቶች በሙሉ ውጤታቸው ስለከፋ የስቴቱ መንግስት ከከተማዋ እጅ ወስዶ ራሱ ማስተዳደር ጀመረ። ክላርክ ራሱ በኋላ ከ1995 እስከ 2002 ኤሴክስ ካውንቲ ውስጥ ያጠፉ ታዳጊዎች ታስረው የሚቆዩበት ማቆያ ኃላፊ ሆኖ ሰራ፣ ከዛም ልጆቹን በሰንሰለት ታስራለህ ተብሎ ተወቅሶ ለቀቀ። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር የሚከነክነኝ እነዛ የተባረሩት 300 ልጆች ናቸው፣ ፊልሙ ላይ ከመድረክ ወርደው ይወጣሉ በቃ አለቀ፣ በእውነተኛው ህይወት ግን ልጅ ወጥቶ አያልቅም፣ ነገም እዛው ሰፈር አለ።

አንተ መቶውን ብታባርር የት ይሄዳሉ? ወይ ጎረቤት ያለው የመንግስት ት/ቤት ይቀበላቸዋል፣ ያኛው ዳይሬክተር ደግሞ የራሱን መቶ ላንተ ይልክልሃል፣ ወይ ደግሞ እዛው አጥርህ ስር ጫት ቤቱ በረንዳ ላይ ሙሉ ቀን ተቀምጠው በአጥር የሚዘሉትን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ክፍለ ከተማው ትንሽ ቆይ ማለቱ ልክ ነው። ጩቤ ይዞ የመጣ፣ ሴት ልጅ ላይ እጁን ያነሳ፣ ግቢ ውስጥ ዕፅ የሸጠ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በስነ ስርዓት ኮሚቴና በወተመህ (በወላጅ ተማሪ መምህር ህብረት) በኩል ቃለ ጉባኤ ተይዞለት ቤተሰቡም ባለበት ይወሰን፣ ሌሎቹ ልጆች ከለላ ይፈልጋሉ። እንደዚህ ያሉት ግን መቶ አይሞሉም፣ ዝርዝርህን ቁጭ ብለህ ስም በስም ብታየው አብዛኞቹ ፎርፌ የሚወጡ፣ የሚያረፍዱ፣ ከመምህር ጋር የሚመላለሱ ልጆች ሆነው ነው የምታገኛቸው።

አሁን ኮስታራነትህን ተው እያልኩህ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! ኮስታራ ሰው የሚያስፈልገው ት/ቤት ነው የተሰጠህ። የምለው ኮስታራነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀይረው ነው፣ ከተማሪው ጸጉርና ከሱሪው ስፋት ላይ አንሳውና የትምህርት ሰአቱ ላይ አሳርፈው። እስቲ አስበው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆንና መምህሩ 5 ደቂቃ አርፍዶ ቢገባ፣ ስም ሲጠራ ሰሌዳ ሲያጠፋ 5 ደቂቃ ቢሄድ፣ ከአመቱ ትምህርት ሩቡ ጠፋ ማለት ነው፣ ያውም ማንም አጥር ሳይዘል። ደወል ሲደወል ኮሪደሩ ላይ ቁም። ጆ ክላርክ ከሰራው ሁሉ እኔ የምወድለት ይሄን ነው፣ ቢሮው ውስጥ አይገኝም ነበር። ርዕሰ መምህር ቀኑን ሙሉ ወረዳ ስብሰባና ሪፖርት ላይ ከሆነ ማንም ሰው አይኮሳተርለትም፣ ስለዚህ ሪፖርቱን ለምክትሎችህ አካፍልና ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜና ከእረፍት በኋላ ያለውን ለማንም አትስጥ። በየቀኑ ሁለት ሶስት ክፍል ገብተህ ኋላ ወንበር ላይ አስር ደቂቃ ቁጭ በል፣ ፎርም ለመሙላት ሳይሆን ልጆቹ ደብተር ላይ ምን እንደሚጽፉ ለማየት። ከቻልክ ደግሞ አንድ የ9ኛ ክፍል ሴክሽን አንተው ራስህ አስተምር፣ መምህራኑ የሚያዩህ አይን ይለወጣል።

9ኛ ክፍል ያልኩህ በምክንያት ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን ት/ቤቶች ሲያጠኑ ያገኙት ነገር አለ፣ አንድ ልጅ 2ኛ ደረጃን ይጨርሳል አይጨርስም የሚለው በብዛት የሚታወቀው 9ኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያን አመት ሳይወድቅ ሳይንጠባጠብ የተሻገረ ልጅ ካልተሻገረው ይልቅ በሰአቱ የመመረቅ እድሉ ሶስት ተኩል እጥፍ ነው። ከተማዋ ይሄን ይዛ የ9ኛ ክፍል ልጆችን መቅረትና ውጤት በየሳምንቱ መከታተል ስትጀምር የሚመረቀው ልጅ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። በኛ አገር ደግሞ 9ኛ ክፍል ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ መጽሐፉ በሙሉ ማለት ይቻላል እንግሊዝኛ ነው። አንድ አንቀጽ እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት የማይችል ልጅ ባዮሎጂ ፊዚክስ ጂኦግራፊ ሁሉንም በዛ ቋንቋ ሲማር አስበው፣ በቀን ስድስት ሰባት ክፍለ ጊዜ ያልገባውን ነገር እያየ መቀመጥ አለበት፣ መምህሩ ተነስተህ አንብብ ቢለው ጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል። እኔ ብሆን እኔም አጥር እዘላለሁ! ከሚዘሉት ልጆች ጥቂቶቹን ጠርተህ ሳትቆጣ የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ አንድ ገጽ አስነብባቸው፣ መልሱን ያኔ ታገኘዋለህ። ከዛ በኋላ ስራህ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ከክፍል በፊት ወይ ከክፍል በኋላ የንባብ ሰአት መክፈት ነው፣ ጎበዝ የ11ኛ ክፍል ልጆችም ሊያግዙ ይችላሉ።

ስም ጠሪ ጠዋት ብቻ ከሆነ አጥር ዘላዩን አይዘውም፣ ከእረፍት በኋላ ድጋሚ ይጠራ፣ የጠፋው ልጅ ቤት በዛው ቀን ይደወል፣ በወሩ አይደለም በዛው ቀን። ሆምሩም መምህራኑ ካርድ ከኪሳቸው እንዳይሞሉ ት/ቤቱ ይሙላላቸው፣ ከት/ቤቱ ድጎማ ላይ በደንብ አስረድተህ የምታወጣው ወጪ ነው። ስልክ በሚመለከት ጠንከር በል፣ ጠዋት ሆምሩም ይሰብስበው ማታ ይመልሰው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ስልክ በክፍል ውስጥ ትምህርት እንደሚያውክ ጽፏል፣ በህግ የከለከሉ አገሮችም አሉ። ግን የመምህራኑም ስልክ ክፍል ውስጥ አይነሳ። ደንብ ስታወጣ ጥቂት አውጣ፣ ያወጣኸው ደግሞ የወረዳ አመራር ልጅ ላይም የዘበኛው ልጅ ላይም በተመሳሳይ ቀን በተመሳሳይ መልኩ ይፈጸም፣ ልጆች ቁጣ ይችላሉ አድልዎ ግን አይረሱም።

ዱላን በሚመለከት አጭር ነው፣ አይቻልም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም ህጻን በት/ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል፣ ጎማም ኩርኩምም ማንበርከክም እዛ ውስጥ ይገባል።

አንድ የቀረኝ ነገር ኩረጃ ነው፣ እዚህ ላይ የምትችለውን ያህል ጨክን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ያየነውን ታውቃለህ፣ የ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። እነዚህ ልጆች እኮ 11ኛ ክፍልን አልፈው ነው የመጡት፣ ካርዳቸው ላይ ማንም እንደወደቁ አልነገራቸውም! መምህሩ ማርክ የሚጨምረው ወላጅ እንዳይጮህበት ነው፣ ት/ቤቱ ዝም የሚለው ሪፖርቱ እንዲያምር ነው፣ ልጁ እውነቱን የሚሰማው 12ኛ ክፍል ላይ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አንተ በመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናውን በትክክል አስፈትን፣ ወንበር አራርቀህ፣ ፈተናውን ሌላ መምህር እንዲያርመው አድርገህ። ውጤቱ ያስደነግጣል፣ የት/ቤቱ አማካይ ይወርዳል፣ ወላጅ ይቆጣል፣ ከክፍለ ከተማም ስልክ ይደወላል። ወተመህን ቀድመህ ሰብስበህ ይሄ እንደሚመጣ ንገራቸው፣ ተፈራርመውበት ይጠብቁህ።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተራችን በጣም ጠንካራ ሰው ነው፣ ስራ ይወዳል፣ ግን ያረፈደ መምህር ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፣ ባለፈው ደግሞ ሰልፍ ላይ ባንዲራ እየተሰቀለ ተማሪ ፊት አንድ አንጋፋ መምህር ላይ ጮኸበት። ተማሪዎቹ ሳቁ። መምህራን ፒቲሽን ልንፈራረም ነው፣ እኔ ግን ልቤ ሁለት ሆኗል ምክንያቱም ት/ቤቱ በእውነት እየተሻሻለ ነው። (መምህርት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ሁለት መሆኑ ልክ ነው። መምህር ተማሪ ፊት ከተዋረደ በኋላ ያ መምህር ክፍል ገብቶ አርባ ስልሳ ልጅ ዝም ማሰኘት አይችልም፣ ዳይሬክተሩ እንዲከበር የሚፈልገውን ስርዓት በገዛ እጁ እያፈረሰው ነው፣ ይሄን እሱም ቢነገረው የሚገባው ይመስለኛል፣ የሚነግረው ሰው ግን ይፈልጋል። ፒቲሽኑን ገና አትፈራረሙ። ፒቲሽን ወረዳ ከሄደ በኋላ ነገሩ እሱ ወይ እናንተ ይሆናል፣ ከተሸነፈም ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ማንንም ላለማስቀየም ሲል ማንንም የማይጠይቅ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ት/ቤቱም ወደነበረበት ይመለሳል።

ሁለት ሶስት ሆናችሁ ቢሮው ግቡ፣ ከመካከላችሁ አንዱ የማያረፍድ መምህር ይሁን፣ ይሄ ወሳኝ ነው። ማርፈድ ይቅር አትበሉት፣ ይቁጠር፣ ይመዝገብ፣ በቢሮ ይጠየቅ፣ በህጉ መሰረት ደሞዝ የሚነካም ከሆነ ይነካ በሉት፣ ግን ተማሪ ፊት አይሁን፣ ሰሌዳውም ይቅር። ያረፈደውን ደግሞ ለምን እንዳረፈደ ይጠይቀው፣ መምህራን የት እንደሚኖሩ እናንተ ታውቃላችሁ፣ በዚህ ደሞዝ ከተማ መሀል ቤት ተከራይቶ የሚኖር ጥቂት ነው፣ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባይሰጠውና የፕሮግራም ድልድሉ ላይ ሶስተኛው ቢሰጠው ግማሹ ችግር ይፈታል። ከሰአት የግል ት/ቤት የሚያስተምር ካለም ተደብቆ ከሚሮጥ ተነጋግሮ ሰአቱ ቢስተካከልለት ይሻላል። አንጋፋውን መምህር ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃቸው፣ ይቅርታው የሚጠየቅበት ቦታ ስቴሽነሪ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ሳይሆን የመምህራን ስብሰባ ላይ ነው። እንቢ ካለ ያኔ ፒቲሽኑ አለ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። አርፍደሃል ተብሎ ወላጅ አምጣ ተባለ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ፍቃድ ብጠይቅ ከስራ እባረራለሁ። ልጁም ፈርቶ አልነገረኝም፣ ለካ ስንት ቀን ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ እየወጣ ሰፈር ሲዞር ነበር የሚውለው፣ ጎረቤት ነው የነገረኝ። አሁን ዳይሬክተሩ ብዙ ስለቀረ አንቀበለውም ይላል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ በማርፈዱ ጥፋተኛ ነው፣ ከዛ በኋላ ለቀረባቸው ቀኖች ግን ት/ቤቱም ድርሻ አለው፣ ምክንያቱም ከበር የመለሰው እሱ ነው፣ መልሶ ደግሞ ወደ ቤትዎ አልደወለም። ልጅ አረፈደ ብሎ ትምህርት መከልከል ማለት እኮ የጎደለውን ይበልጥ ማጉደል ነው፣ ይሄን የማልስማማበት ቅጣት ስለሆነ ነው ደግሜ ደጋግሜ የምጽፈው።

ነገ ከስራ በፊት ጠዋት 1፡30 ላይ በሩ ላይ ይገኙ፣ ርዕሰ መምህሩን ባያገኙ ሆምሩም መምህሩን ወይ ዩኒት ሊደሩን ያገኛሉ። ጨርሶ ካልቻሉ አጎት፣ አክስት፣ ክርስትና አባት፣ የሚያምኑት ጎረቤት ይሂድልዎ፣ ከርስዎ የተጻፈ ወረቀትና ስልክ ቁጥርዎን ይዞ። እዛ ሲደርሱ አይከራከሩ፣ ልጄ አጥፍቷል፣ እኔ የምሰራው እንዲህ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ አምስት ደቂቃ እንኳን ቢያረፍድ በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ፣ ግን ክፍል አስገቡት ይበሉ። እንቢ ካሉ ውሳኔውን በጽሁፍ ይስጡኝ ይበሉ፣ በጽሁፍ ሲባል ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያስባል፣ ከዛ የወላጆች ተወካይ የሆነውን የወተመህ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ጠይቀው ያግኙት፣ እሱም ወላጅ ነው፣ ስራው ይሄ ነው። ከዛ ቀጥሎ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽ/ቤት አለ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁን አሁን አይምቱት። መጀመሪያ ለምን እንዳረፈደ ይጠይቁት፣ እርስዎ በሌሊት ወጥተው ሲሄዱ ታናናሾቹን ቁርስ አብልቶ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ት/ቤት አድርሶ የሚሄደው እሱ ከሆነ ይሄ ለዳይሬክተሩ መነገር ያለበት ነገር ነው። ብዙ ልጆች ይሄን በኩራት ምክንያት አይናገሩም። ደግሞም ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ ከሆነ አይደብቁ፣ ለሆምሩሙ ይንገሩ፣ በትንንሾቹ ክፍሎች ምገባ በተጀመረባቸው ከተሞች ልጆቹ ላይ የታየውን ለውጥ አይተናል፣ የትልልቆቹ ሆድ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ አንዳንድ ት/ቤቶች መምህራን ከኪሳቸው አዋጥተው በዝምታ ዳቦና ሻይ የሚሰጡበት ሁኔታ አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር የአንድ አዲስ አበባ ት/ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ነን፣ ቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ የተወሰነ ገንዘብ አዋጥተናል። ግማሹ ስማርት ቦርድና ኮምፒውተር ይገዛ ይላል፣ ግማሹ በሩና አጥሩ ይታደስ ይላል። አዲሱ ዳይሬክተር ጠንካራ ሰው ናቸው ይባላል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልን። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንዳችሁ ለእረፍት አዲስ አበባ ስትመጡ ሳትነግሯቸው ሂዱና ግቢውን እዩ፣ በተለይ የሴቶች ሽንት ቤት ግቡ። ውሃ አለ? በሩ ይዘጋል? ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ቀናት ከክፍል የሚቀሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፣ የውሃ ታንከርና የሚቆለፍ በር ከአንድ ስማርት ቦርድ የበለጠ ልጅ ክፍል ውስጥ ያቆያል። ስማርት ቦርድ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው የለም፣ ኮምፒውተሩም ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ሆኖ ክፍሉ ተቆልፎ የሚከርምበት ት/ቤት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ከገዛችሁም ማን እንደሚከፍተው፣ በየትኛው ሰአት ክፍት እንደሚሆን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ከዛ ዳይሬክተሩን "ምን እንግዛልዎት" ብላችሁ አትጠይቋቸው፣ "ልጆቹ የት ላይ ነው የሚወድቁት" ብላችሁ ጠይቋቸው። እኔ ገንዘቡ በእጄ ቢሆን ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ማታ 12 ሰአት ክፍት እንዲሆን ለሚያመሽ ሰራተኛ እከፍልበት ነበር፣ ቤታቸው አንድ ክፍል ሆኖ ከአምስት ሰው ጋር የሚኖሩ ልጆች የሚያጠኑበት ቦታ የላቸውም፣ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛና የሂሳብ ቲቶሪያል የሚያስተምሩ መምህራን አበልም ከዛው ይወጣል። ገንዘቡን ለአንድ ሰው በግል አትላኩ፣ በት/ቤቱ አካውንት ይግባ፣ ወተመህ ይፈርምበት፣ ደረሰኙን ቴሌግራማችሁ ላይ ለጥፉት። ከግሩፑ ውስጥ ኢንጂነርም ነርስም ሹፌርም እንዳላችሁ እገምታለሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ በቪዲዮ ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር ተገናኙና እናንተ እዛው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እንዴት እንዳጠናችሁ ንገሯቸው፣ የሰአት ልዩነቱ ስለሚያስቸግር እናንተ ጠዋት ስትነሱ እነሱ ከሰአት እንዲሆን አድርጉት።